ዘጠና ስድስት ሽምብራ

የምነግራችሁ አገር ስም ነበረው፤ እኔ ግን አልጠራውም። በዚያ አገር ሕግ ስሙን የጠራ ሰው «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ ማከል ግዴታው ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ መዋሸት ያደክመኛል። ሁለት አምባ ብላችሁ ያዙት። ላይ አምባ አለ፣ ታች አምባ አለ፣ በመሀላቸው ገደል ይወርዳል፣ በገደሉ ወንዝ ይሄዳል። ከታች አምባ ግርጌ፣ ወንዙ ከገደል ወጥቶ በሚተኛበት ለጥ ያለ መሬት ላይ፣ ጨፌ የሚባል መንደር ነበር። ነበር ያልኩት አውቄ ነው።

የጨፌ አፈር ጥቁር ነው፣ የጣሉበትን ሁሉ ያበቅላል። የሚያበቅለው ወንዙ ስለሚጎበኘው ነው። በክረምት ደጋው ላይ ዝናብ ሲወርድ ደራሽ ውሃ ገደሉን ሞልቶ ይመጣል። ደግነቱ ገደሉ ጠመዝማዛ ነው፤ ውሃው በላይ አምባ ሥር ካለፈ በኋላ ጨፌ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ያገሩ አባቶች ኑሯቸውን የሠሩት በዚህችው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ላይ አምባ ላይ ጠሪ አስቀመጡ፣ ታች አምባ ላይ ሰሚ አስቀመጡ። ጠሪው ደራሹን ሲያይ ድምፅ በሚያሻግረው ዋሻ አፍ ቆሞ «ውሃ» ብሎ ይጣራል፤ ሰሚው ደወል ይመታል፤ ጨፌ ልጁንና ከብቱን ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ሰማንያ ክረምት እንዲህ አለፈ። ከብት ሞቶ ያውቃል፣ ሰው ግን አልሞተም።

አባቶቹ ጥንቁቅ ነበሩ። ጠሪ አለን ብላችሁ አትተኙ፣ መሰማቱንም በየቀኑ መዝኑ አሉ። ምዘናው እንዲህ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሰሚው ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ በግራው አንድ ቅል፣ በቀኙ አንድ ቅል። መጀመሪያ ጠሪው ዝም ይላል። ሰሚው መቶ ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዷ ትንፋሽ የሚሰማው ነገር ካለ፣ ነፋስም ይሁን ውሻ ወይም የወንዙ ጩኸት፣ በግራው ቅል አንድ ፍሬ ምስር ይጥላል። ቀጥሎ ጠሪው መቶ ቃል ይጣራል፤ ሰሚው ለይቶ ለሰማው ለእያንዳንዱ ቃል በቀኙ ቅል አንድ ሽምብራ ይጥላል። ሁለቱ ቅሎች ታሽገው ወደ ከተማ ይሄዳሉ። ሽምብራው ያነሰ እንደሆነ ምስሩ ይታያል፤ ምስሩ በዝቶ ከሆነ የጫጫታው ምንጭ ይፈለጋል፣ ውሻው ይታሰራል፣ ወፍጮው ሌላ ወንዝ ዳር ይተከላል። ጠሪውን «ጩህ» የሚለው ሰው የለም። ድምፅ ብቻውን አይመዘንም፣ ከጫጫታው ጋር እንጂ ይሉ ነበር።

ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ እኔ እስከ ዛሬ ብልህነቱን ከጭካኔው መለየት ያቃተኝ። ጠሪና ሰሚ ባልና ሚስት መሆን አለባቸው። ሰው የለመደውን ድምፅ ከሩቅ ይለያል ብለው ነው። እናም ሕጉ አጋብቶ ይለያያቸዋል፤ እሱን ላይ አምባ፣ እሷን ታች አምባ። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ምትክ ጠሪ ይመጣለትና ወርዶ ሁለት ቀን ከቤቱ ይሰነብታል። የቀረው ትዳር እኩለ ቀን ላይ የሚጣራው መቶ ቃል ነው።

በምነግራችሁ ዘመን ጠሪው ዘለቀ ይባላል፣ ሰሚዋ ሚስቱ ትርንጎ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። መቶዎቹ ቃላት የታወቁ ናቸው፤ በሬ፣ ቀንበር፣ ጨው፣ ቤት፣ መንገድ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። ቅደም ተከተላቸው ግን ለጠሪው የተተወ ነው። ዘለቀ ሲናፍቅ «ቤት»ን ያስቀድማል፤ ሲያመው «ጨው»ን ወደ መጨረሻ ይጥላል። ሹሞቹ ይህን አያውቁም። ትርንጎ ታውቃለች፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። አንዲት ልጅ ወልደዋል፣ እናኑ ትባላለች፤ ጨፌ ወርዳ አግብታ፣ በመጨረሻው ክረምት የስድስት ወር ሕፃን ታቅፋ ነበር።

አሁን ወደ ከበሮው ልምጣ። መምጣት አልፈልግም ነበር፤ እሱ ግን ሳይጠሩትም ይመጣል።

ደራሹ ጨፌን ከመውሰዱ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ያገሩ ንጉሥ ሆዳቸውን ታመው ዳኑ። ለደስታው በየአምባው ሰባት ቀን ከበሮ ይመታ ተባለ፣ ተመታ። ስምንተኛው ቀን ነጋ። አቁሙ የሚል ሰው ጠፋ። አቁሙ ያለ ሰው በንጉሡ መዳን ደስታው ያለቀበት ሰው ነዋ። የከበሮ አለቆች እርስ በርስ ተያዩ፣ መቺዎቹም ተያዩ፣ መምታቱ ቀጠለ። ንጉሡ ራሳቸው ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ነበር የሚቀመጡት አሉ፤ እሳቸውም ቢሆኑ በገዛ ጤናቸው የማይደሰቱ እንዳይባሉ ፈርተው ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ አምባ ሁለት ከበሮ ሲያቆም ሌላው አራት አቆመ። መቺዎች በፈረቃ ሆኑ፤ በፈረቃ መሀል ጀርባውን ያከከ መቺ ለምን እንዳከከ በጽሑፍ ያስረዳል። በታች አምባ ብቻ፣ ከትርንጎ ድንጋይ ጀርባ አርባ ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ፣ አሥራ ሁለት ከበሮ ቆመ።

የምስሩ ቅል በየቀኑ መቶ ፍሬ ሙሉ ይይዝ ጀመር። ትርንጎም በልማዱ መሠረት አሽጋ ትልከዋለች። ብዙ ዓመት ማንም ልብ አላለውም፤ ሰው የላከው ሁሉ ይታያል ማለት አይደለም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በከተማ አንድ ሥራ የፈታ ሰው ቅሉን ከፈተና ጉድ ፈላ። ሊቀ ጆሮ አሰጋኸኝ በነጭ በቅሎ ተቀምጦ መጣ።

ሊቀ ጆሮ የመስማት ጉዳይ ሹም ነው። ሊቀ ጆሮ የተባለው ከሰው አብልጦ ስለሚሰማ እንዳይመስላችሁ፤ በሹመቱ ዘመን አንድም አቤቱታ ሰምቶ ስለማያውቅ ነው። ከበቅሎው ወርዶ የግራውን ቅል አነሳ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምስር ነው ጌታዬ» አለች ትርንጎ።

«ምስርነቱንማ አያለሁ። የምን ምስር ነው?»

«ዘለቀ ሳይጣራ የምሰማው ነው። በልማዳችን የጫጫታው ድርሻ ነው።»

«ሳይጣራ የምትሰሚው ምንድን ነው?»

ከትርንጎ ጀርባ አሥራ ሁለቱ ከበሮዎች ይመታሉ። ሊቀ ጆሮ ጥያቄውን ጮኾ ደገመው፤ በመጀመሪያው ጊዜ የገዛ ድምፁን እሱም አልሰማው ይሆናል።

«ከበሮው ነው ጌታዬ።»

«ከበሮው ምስጋና ነው። አንቺ የንጉሡን ምስጋና ጫጫታ ብለሽ በምስር ትቆጥሪያለሽ?»

«እኔ አይደለሁም የቆጠርኩት። ጆሮዬ ነው።»

«ጆሮሽንም የምሾመው እኔ ነኝ» አለ ሊቀ ጆሮ። የግራውን ቅል ድንጋዩ ላይ መትቶ ሰበረው። ምስሩ ተበተነ፣ የመቺዎቹ ዶሮዎች ለቀሙት።

በምትኩ የራሱን መለኪያ አስመጣ። አፉ ላይ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት እንስራ ነው። ቆዳው ላይ አሸዋ ይበተናል፤ ድምፅ ሲበረታ አሸዋው ይዘላል። እንስራውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። አሸዋው እንደ ፌንጣ ዘለለ። ሊቀ ጆሮ ደስ ብሎት ጢሙን ጠረገ።

«በአባቶቻችን ዘመን አሸዋ እንዲህ ዘሎ አያውቅም። የአገራችን ድምፅ አድጓል። ጻፍ» አለው ጸሐፊውን።

«ጌታዬ» አለች ትርንጎ፣ «ዘለቀ እኮ ገና መጣራት አልጀመረም። ፀሐይዋን ይዩዋት፤ አሁን ምሳውን እየበላ ነው።»

«እንግዲያው ሲጀምር የበለጠ ያድጋላ» አለና በቅሎው ላይ ወጣ።

የሽምብራውን ቅል ግን አልነካውም። ሕዝቡ የለመደው ነገር ነው፣ ይቆይ አለ። በላዩ አዲስ ሕግ ጨመረበት። በአገሩ ጫጫታ የሚባል ነገር እንደሌለ ስለተረጋገጠ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ሽምብራው ከዘጠና ቢያንስ ጥፋቱ የጠሪው ነው። ለመጀመሪያው ጥፋት ሕክምና፣ ለሁለተኛው ጅራፍ፣ ለሦስተኛው ስንብት። የተሰናበተ ጠሪ ቦታውን ማን እንደሚወርስም በሕጉ ተጽፏል፤ የሊቀ ጆሮ የእህት ልጅ። የእህቱ ልጅ ደግሞ መንተባተብ ነበረበት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሽምብራው ሰባ አንድ ሆነ። ለዘለቀ ጉሮሮውን እንዲያለሰልስ ቅቤና ጥሬ እንቁላል በመንግሥት ስም ተላከለት። በሁለተኛው ሳምንት ስልሳ አራት ሆነ። ተራው ደርሶ ወርዶ ቤት ሲገባ ጋቢውን አላወልቅም አለ።

«በዚህ ሙቀት ምን ሆነህ ነው?»

«በርዶኝ ነው።»

ትርንጎ ጋቢውን ራሷ ገፈፈችው። ጀርባው ላይ አሥር መስመር ተጋድሟል፤ አንዳንዱ ገና አልደረቀም።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ሕጉ ነው» አለ ዘለቀ። «አንቺን አልቀየምም። የሰማሽውን ነው የጣልሽው። ድምፄ አርጅቷል መሰለኝ።»

«ድምፅህ አላረጀም።»

«ስልሳ አራት እኮ ነው፣ ትርንጎ።»

ለጉሮሮው የተላከውን ቅቤ ከስልቻው አውጥታ ጀርባውን ቀባችው። እያንዳንዱን መስመር የራሷ እጅ የጣለችው መስሎ ታያት። አለቀሰች፣ እሱ ፊቱን አዙሮ ስለነበር አላየም። ከበሮውም ስለነበር አልሰማም።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ዘለቀ መቶ ቃል ተጣራ። ትርንጎ ስልሳ ሁለቱን ሰማች። ቅሉ ውስጥ ዘጠና ስድስት ጣለች። መቶ ብሞላው ያሳብቃል ብላ ነው አራቱን ያስቀረችው። ለራሷም ምክንያት አልጠፋትም። እሱ ከተባረረ የሚመጣው ተንተባታቢው ነው፣ ያን ጊዜ ጨፌ ጭራሽ ምን ሊሰማ ነው አለች። ምክንያቱ ውሸት አልነበረም። እኔም ሽማግሌው ደጋግሜ አስቤበት፣ ሌላ ምን ማድረግ ነበረባት ብትሉኝ ቶሎ መልስ የለኝም።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ዘለቀ ዳገቱን እያፏጨ ወረደ። «ዘጠና ስድስት» አለ ከበሩ ሳይገባ። «ጸሐፊው ነገረኝ። እኔ ሳላምንበት የዋጥኩት እንቁላል ሠራ።»

«ሠራ» አለች።

«በአርባ ስምንት ዓመቴ ድምፄ ተመለሰ ብል ማን ያምነኛል? ቤትን ያስቀደምኩትንስ ሰማሽ? ማክሰኞ?»

ማክሰኞ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ቃላት አልተሰሟትም። «ሰምቻለሁ» አለች።

እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። በየቀኑ የምትሰማው ሲያንስ፣ የምትሞላው ዘጠና ስድስት ሆኖ ቀረ። ከተማ ላይ ቁጥሩ ለንጉሡ ይነበባል፣ ለንባቡ ይጨበጨባል። ከሁሉም የከፋው ግን ሯጮቹ ናቸው። በሁለቱ አምባዎች መሀል ባለው አቋራጭ ሁለት ሯጮች ከጥንት ጀምሮ ይቀመጡ ነበር፤ ድምፅ የማይሰማበት ቀን ቢመጣ በእግር እንዲወርዱ። አቋራጩ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ጉልበት ያለው ሰው ከላይ አምባ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ጨፌ ይደርሳል። ሊቀ ጆሮ መዝገቡን ገልጦ «ዘጠና ስድስት እየተሰማ ሯጭ የምንቀልበው ለማን ነው?» አለ። ሯጮቹ ተሰናበቱ፣ እህላቸው ለከበሮ መቺዎች ተሰጠ።

ይህን የሰማች ዕለት ትርንጎ ነጠላዋን ለብሳ ከተማ ወረደች። በሊቀ ጆሮ ደጅ ላይ ቢረሳው የሚባለውን ጸሐፊውን አገኘች። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደከም ያለ ሰው ነበር።

«ወንድሜ» አለችው፣ «መዝገብ ላይ የገባ ቁጥር ስሕተት ሆኖ፣ ሰው ላርመው ቢል ምን ይደረጋል?»

«ቁጥሩ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚታረመው?»

«ወደ ታች።»

ቢረሳው ብዕሩን አስቀመጠ። «ወደ ታች ከሆነ ጠሪው ይባረራል። ሰሚው መሐላ በማፍረስ ይጠየቃል። ያ ቁጥር የተነበበበት ቀን ሁሉም ሐሰት ሊሆን ነው፤ ለንጉሡ የተነበበውም ጭምር። ንጉሡ ደግሞ ሐሰት ተነቦላቸው አያውቅም።»

«እንግዲያው?»

«እንግዲያውማ እህቴ፣ ቤትሽ ግቢ።»

ቤቷ ገባች። እዚህ ላይ ልወቅሳት እፈልጋለሁ፤ አፌ ግን እሺ አይለኝም። ያን የጅራፍ መስመር ያየሁት እኔ አይደለሁም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ሲያልቅ እናኑ ልጇን አዝላ እሸት በቆሎ ይዛ እናቷን ልትጠይቅ ወጣች። ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ በቆሎውን ትልጣለች።

«እማ፣ ልጅ ሆኜ አባባ ሲጣራ እዚያ ታች ሜዳው ድረስ እንሰማው ነበር። አሁን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። አንቺ ይሰማሻል?»

«እኔ ቅርብ ነኝ» አለች ትርንጎ።

«ደኅና ነው የምትሰሚው?»

ትርንጎ የልጅ ልጇን ተቀብላ እግሩን በእጇ ያዘች፤ የሕፃኑ እግር ይሞቃል። «ዘጠና ስድስት እሰማለሁ» አለች።

«እንግዲያማ ሆዳችን ተረጋግቶ እንተኛለን» አለች እናኑ እየሳቀች። «ጎረቤቶቼን አይዟችሁ እያልኩ የማረጋጋው እኔ ነኝ። እናቴ ናት የምትሰማው እላቸዋለሁ።»

«ዝናብ ሲበረታ ግን እዚህ መጥተሽ ሰንብቺ።»

«ላሞቹን ለማን ጥዬ?»

«ለባልሽ።»

«እሱስ የሰው ልጅ አይደለም እንዴ?» አለችና ልጇን አዝላ ቁልቁል ወረደች። ትርንጎ እስከ መታጠፊያው አየቻት። ልትጠራት አፏን ከፍታ ነበር፤ ምን ብላ እንደምትነግራት ስላጣች ዘጋችው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ንጉሡ የዳኑበት አሥራ አንደኛ ዓመት ተከበረ። ለክብሩ ከበሮው በየአምባው እጥፍ ሆነ፤ ከትርንጎ ጀርባ ሃያ አራት ቆመ። እኩለ ቀን ላይ ዘለቀ መቶ ቃሉን ተጣራ። ትርንጎ ሠላሳ አንድ ሰማች። ዘጠና ስድስት ጣለች፣ ቅሉን አሸገች፣ ለተላላኪው ሰጠች። በዚያን ቀን ገደሉን ጉም ሞልቶት ነበር፣ ላይ አምባ አይታይም። ልማዱ ሰሚ በክረምት ከድንጋዩ እንዳይነሳ ያዛል፤ አልተነሳችም። መዳፏን ከጆሮዋ ጀርባ አድርጋ ተቀመጠች። ምንም አልሰማችም። ከበሮውን ብቻ ሰማች።

ላይ አምባ ላይ የሆነውን በኋላ ምትክ ጠሪው ነው የነገረን፤ ለበዓሉ እህል ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። ምዘናው ካለቀ ብዙም ሳይቆይ ዘለቀ ደራሹን አየ። በዕድሜው አይቶት የማያውቀው ውሃ ነበር፤ ዛፍ ከነሥሩ፣ ጎጆ ከነክዳኑ ተሸክሟል። ዋሻው አፍ ላይ ቆመና ተጣራ። ሦስት ጊዜ «ውሃ»፣ አንድ ትንፋሽ፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ልማዱ መቶ ጊዜ ተጣርተህ አቁም ይላል። ዘለቀ መቶውን አልፎ ሄደ። ከአፉ ደም ሲወጣ በክንዱ እየጠረገ ተጣራ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከዋሻው አፍ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን አይወጣም፤ እንዲያም ሆኖ አፉን መክፈቱን አልተወም ነበር አለን።

ትርንጎ ውሃውን ያየችው በዓይኗ ነው፣ ከጉሙ ሥር ቡናማ ሆኖ ሲወጣ። ደወሉን መታች። ደወሉን ከሃያ አራት ከበሮ የለየ ሰው በጨፌ አልነበረም። ገመዱን ጥላ ቁልቁል ሮጠች። ግማሽ መንገድ ስትደርስ ከታች የነበረው መንደር አልነበረም።

አርባ ሦስት ሰው አለቀ። እናኑን በሦስተኛው ቀን ሸንበቆው መሀል አገኟት፤ ልጁ እንደታዘለ ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልናገርም፣ እናንተም አትጠይቁኝ።

ችሎት በከተማ ተሰየመ። ሊቀ ጆሮ መሀል ተቀመጠ። የዚያን ዕለት ቅል ማኅተሙ ተፈቶ ሽምብራው ጮክ ተብሎ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ዘጠና ስድስት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሊቀ ጆሮ። «ሰሚዋ ደኅና ትሰማለች። ጠሪው ቢጣራ ኖሮ ይሰማ ነበር። አልተሰማም፤ ስለዚህ አልተጣራም። ዘለቀ፣ ተጣርተሃል?»

ዘለቀ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ጉሮሮው ከዚያ ቀን ወዲህ እንደተቀደደ ነው። ጣቱን ወደ አንገቱ አሳየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሊቀ ጆሮ ወደ ዳኞቹ ዞረ። «ድምፅ የሌለው ጠሪ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

ትርንጎ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ማቅ ለብሳለች።

«ጌቶቼ፣ ቅሉን የሞላሁት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን የሰማሁት ሠላሳ አንድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘጠና ስድስት ሰምቼ አላውቅም። እሱን እንዳትገርፉት ብዬ ነው። እሱ ግን ተጣርቷል፤ ልጄን በቀበርኩበት አፈር እምላለሁ፣ ተጣርቷል። ያልሰማሁት በከበሮው ነው።»

ቢረሳው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። «ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ ቀስ ብሎ። በዚያ አገር ከበሮና ጫጫታ የሚሉትን ቃላት በአንድ መስመር ላይ መጻፍ አይፈቀድም፤ በሁለት መስመር ከፍሎ መጻፍ ይቻል እንደሆነ ዳኞቹ ተማከሩ። ሲማከሩ ረጅም ጊዜ ሄደ። በመጨረሻ «ሐዘን ያናገራት ነው» ተብሎ ተጻፈ። የታሸገ ቅል አይዋሽም ተባለ። ሰው ሁሉ ሊቀ ጆሮን ሲመለከት፣ ዘለቀ ብቻ ዞሮ ሚስቱን ያያት ነበር። እሷም አየችው፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች።

ፍርዱ ቀላል ሆነ፤ የንጉሡ በዓል ሰሞን ነውና ምሕረት ተደረገ። ዘለቀ ያለ ጅራፍ ተሰናበተ። ትርንጎም ተሰናበተች። ሊቀ ጆሮ ጠሪና ሰሚ ከእንግዲህ አያስፈልጉም ብሎ እንስራውን ድንጋዩ ላይ ተከለው፤ አሸዋው እስከ ዛሬ ይዘላል። ስለ ምሕረቱ ምስጋና በየአምባው ሁለት ሁለት ከበሮ ተጨመረ።

ባልና ሚስቱ በታች አምባ ግርጌ ባለች ጎጆ ገቡ። ከተጋቡ ጀምሮ በአንድ ቤት ሲኖሩ ያ የመጀመሪያቸው ነው። እሷ አብስላ ታቀርብለታለች፣ እሱ እንጨት ፈልጦ ያቀርብላታል። ተዝካሩን አወጡ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ዘለቀ አልተቆጣትም፣ እጁን አላነሳባትም፤ ትከሻዋን ይዞ ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ቀንም ነበር፣ ስታለቅስ። መናገር ግን አልሞከረም።

ጥቅምት ሲገባ ትንሽ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ተመለሰለት። የዚያን ቀን ትርንጎ በረንዳው ላይ ጎመን ትቀነጥባለች። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ።

«እንደማትሰሚኝ ባውቅ ኖሮ» አላት፣ «እሮጥ ነበር። በአንድ ሰዓት እደርስላት ነበር።»

ከቤታቸው በላይ ከበሮው ይመታል። ትርንጎን አንድም ቃል አላመለጣትም።